መፍትሔ ይዛችሁ ኑ እል ነበር

ዕለቱ የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ነበር። የምመራው የሥራ ክፍል የደንበኞችን ሒሳብ ከአሮጌው የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ አዲሱ ማዛወር ከጀመረ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እኔም በየሳምንቱ ለበላይ አመራር በማቀርበው ሪፖርት ሥራው በተያዘለት የጊዜ ሰሌዳ እየሄደ መሆኑን እገልጽ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ደወሉና ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ክፍያ እንደተጠየቁ ተናገሩ። ፋይሉን ከፍቼ ስመለከት የእኚህ ደንበኛ መለያ ቁጥር በሁለት መስመር ተመዝግቦ አገኘሁት፤ በአንዱ መስመር ከቁጥሩ ፊት ዜሮ አለ፣ በሌላው የለም። መረጃው በኤክሴል ሲያልፍ ዓምዱ እንደ ጽሑፍ መያዝ ሲገባው እንደ ቁጥር ስለተያዘ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ጠፍተዋል፤ አዲሱ ሥርዓትም ሁለቱን መስመሮች ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ተቀብሏቸዋል። ወደ ታች እየወረድኩ ስፈትሽ ያው ስህተት ተደጋገመ፤ ሁለት መቶ ላይ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩ።

ሥራውን የያዘችውን ባልደረባዬን ጠርቼ ስጠይቃት ነገሩን ያየችው በመጀመሪያው ሳምንት እንደሆነ ሳትሸሽግ ነገረችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ጥቂት አመነታችና «መፍትሔ ስላላገኘሁለት ነው፤ እርስዎ ደግሞ ችግር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው አይወዱም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። «ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዛችሁ ኑ» የሚለውን አነጋገር ከቀድሞ አለቃዬ ተቀብዬ፣ ኃላፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እንደ መርሕ ያስተዋወቅኩት እኔው ነኝ። ሠራተኛው በራሱ እንዲያስብ የሚያበረታታ መስሎኝ ነበር። በተግባር ግን መፍትሔ ያለው ችግር ብቻ ወደ እኔ እየመጣ፣ መፍትሔ ያልተገኘለት፣ ማለትም የእኔን እርዳታ አብዝቶ የሚፈልገው፣ በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀር ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ብሰማው የአንድ ሰዓት ሥራ ይሆን የነበረው እርማት አሥራ አንድ የሥራ ቀናት ፈጀ፤ ለደንበኞች የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍን፣ ሁለት ሠራተኞችም አስቀድመው ያስፈቀዱትን ዕረፍት ለመሰረዝ ተገደዱ።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ የቡድን መሪ ወይም የሥራ ክፍል ኃላፊ ሆናችሁ፣ ወንበሩ ከጠበቃችሁት በላይ ለከበዳችሁ ሰዎች ነው። በዛሬው የሥራ ቦታ ኃላፊን የሚፈትነው ነገር ብዙ ነው፤ ከቢሮ ውጭ የሚሠራ ቡድን፣ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ መልእክት፣ ከላይ የሚመጣ ግፊት፣ በየወሩ የሚለዋወጥ ቴክኖሎጂ፣ የሠራተኞች መዛል። እኔ ያየኋቸው እነዚህ ፈተናዎች ሁሉ ግን በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ኃላፊው ማወቅ የሚገባውን ነገር በጊዜው እንዳያውቅ ያደርጉታል። ከቡድኑ የሚሰማው ዝምታ ደግሞ ሰላም ይመስለዋል። እኔም ለስምንት ወራት መስሎኝ ነበር።

ለኃላፊነት የታጨሁት በባለሙያነቴ ጥሩ ስለሠራሁ ነው፤ አብዛኞቻችን የምንሾመውም በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። ሹመቱ የደረጃ ዕድገት ተብሎ ይጻፍ እንጂ በእውነቱ የሙያ ለውጥ ነው። ትናንት በእጄ የምሠራው ዛሬ በሌሎች እጅ የሚሠራ ሆነ፤ በደንብ የማውቀውን ሥራ ትቼ ምንም ያልተማርኩትን ያዝኩ። በመጀመሪያው ዓመት ግን አሮጌውን ሥራ ከልቤ አልተውኩትም። ቀን ስብሰባ ላይ እውልና ማታ ቤቴ ገብቼ ሠራተኞቹ ያዘጋጁትን ሰነድ እንደገና እሠራ ነበር፤ ይህንንም ትጋት ብዬ እጠራው ነበር። አብሮኝ የተቀጠረ አንድ ባልደረባዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ «ማታ አንተ እንደምታስተካክለው ስለማውቅ ሁለተኛ ጊዜ አላየውም ነበር»። የሚያርመው ሰው እስካለ ድረስ ስህተቱን ማንም የራሱ አያደርገውም፤ ማንም ስለ ስህተቱ የሚናገርበት ምክንያትም አይኖርም።

በዚያ ላይ ቀኑ የተቆራረሰ ነው። ካናዳዊው የአስተዳደር ተመራማሪ ሄንሪ ሚንትዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት አምስት ከፍተኛ ሥራ አስኪያጆችን በቅርብ ተከታትሎ ነበር፤ ከሚያከናውኗቸው ተግባራት ግማሽ ያህሉ ከ9 ደቂቃ በታች የሚቆዩ መሆናቸውንም መዝግቧል። ያኔ በጠረጴዛቸው ላይ የነበረው ስልክና ወረቀት ነው፤ የመልእክት መተግበሪያ፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ በኪስ የሚዞር ኢሜይል አልነበረም። እኔ አንድ ማክሰኞ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሥራዬ በተቋረጠ ቁጥር ጭረት እየሰመርኩ ዋልኩ፤ ወደ ቤት ስሄድ ጭረቶቹ 47 ነበሩ። ከእነዚያ ውስጥ ለሰው ሙሉ ጆሮዬን የሰጠሁባቸው አራት ወይም አምስት ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ዐይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል «እሺ፣ እሺ፣ ላኪልኝ» ያልኩበት ነው። ያቺ ባልደረባዬም ስለ መለያ ቁጥሩ ልትነግረኝ አንድ ጊዜ በሬ ድረስ መጥታ እንደነበር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስልክ ይዤ ስታየኝ ተመልሳ ሄዳለች።

የቡድኑ መጠንም የራሱ ድርሻ ነበረው። ሁለት ቡድኖች ሲዋሃዱ ከአምስት ሰዎች ወደ ስምንት ከፍ አልን፤ ሦስት ሰው መጨመር ብዙም አልመሰለኝም። ግራይኩናስ የተባለ የአስተዳደር አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1933 ባቀረበው ስሌት ግን፣ አንድ ኃላፊ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር፣ ሁለትም ከዚያም በላይ ሆነው ከሚጣመሩ ሠራተኞች ሁሉ ጋር፣ ሠራተኞቹም እርስ በእርስ ያላቸው ግንኙነት ሁሉ ሲደመር በአምስት ሰው 100፣ በስምንት ሰው 1,080 ይደርሳል። ቀመሩ ሁሉንም ግንኙነት እኩል ስለሚቆጥር ቃል በቃል የሚወሰድ አይደለም። ሆኖም የገጠመኝን ነገር በሚገባ ያስረዳል፤ አምስት ሆነን ሳለ ማን ከማን እንደተቀያየመ፣ የማን ሥራ የማንን እንደሚጠብቅ ሳልጠይቅ አውቅ ነበር፤ ስምንት ስንሆን ሳልጠይቅ የማውቀው ነገር አለቀ።

የሐሙሱ ጉዳይ ከተፈጸመ በኋላ ያለፉትን ወራት ሪፖርቶች አውጥቼ አነበብኩ። «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ርዕስ ሥር ለስምንት ወራት የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «የለም»። በዚያን ሰሞን ስለ ኤሚ ኤድመንድሰን ጥናት አነበብኩ። እኚህ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል የነርሶች ቡድኖች ላይ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ሲያጠኑ፣ በደንብ የሚመራና እርስ በእርሱ የሚግባባ ቡድን አነስተኛ ስህተት እንደሚኖረው ጠብቀው ነበር፤ የተገኘው መረጃ ግን ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ከፍ ያለ የስህተት ቁጥር እንዳላቸው አሳየ። ጉዳዩን ሲመረምሩ የተረዱት፣ እነዚያ ቡድኖች ስህተታቸውን ስለማይደብቁ ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናትም ሰው ሳይሸማቀቅ መናገር የሚችልበትን የቡድን ሁኔታ የሥነ ልቦና ደኅንነት ብለው አብራሩት። ይህን ካነበብኩ በኋላ «የለም» የሚለውን ቃል በፊተኛው ዐይን ማየት አልቻልኩም።

በቀጣዩ ሰኞ ቡድኑን ሰብስቤ ያንን አነጋገር ማንሳቴን ነገርኳቸው። ስህተቱ የአንድ ባለሙያ እንዳልሆነ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ማንም ሰው መፍትሔ ኖረውም አልኖረውም ያየውን በዕለቱ እንዲነግረኝ በግልጽ ተናገርኩ። ሲያልቅ ጥያቄ እንዳላቸው ጠየቅኩ። ማንም አልተናገረም። ተበሳጭቼ ወጣሁ፤ አሁን ሳስበው ግን ዝም ማለታቸው ልክ ነበር። ለስምንት ወራት በድርጊት የተማሩትን በአንድ ሰው የአሥር ደቂቃ ንግግር እንዲረሱት አይጠበቅም። ሰው የሚጠብቀው የመጀመሪያው መጥፎ ወሬ አድራሽ ምን እንደሚደርስበት ለማየት ነው።

የመጀመሪያው ሰው የመጡት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል የሚበልጡኝ፣ እኔ ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ፣ ዛሬ ግን በእኔ ሥር የሚሠሩ ባልደረባ ናቸው። ከተሾምኩ ጀምሮ እርስ በእርስ እንጠባበቅ ነበር፤ እኔ እንዳላርማቸው ዕድሜያቸው ይከለክለኛል፣ እሳቸውም እንዳያርሙኝ ወንበሬ ይከለክላቸዋል። ታላቅን ሰው መምራት ለወጣት ኃላፊ ከሚከብዱት ነገሮች አንዱ ነው፤ አክብሮቱ ራሱ መጋረጃ ይሆናል። በሩን ዘግተው ቆሙና «አንተ ልጅ፣ ያን ሰኞ የተናገርከው ከልብህ ነው?» አሉኝ። «ከልቤ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያም ለበላይ አመራር ያቀረብኩት አዲሱ የጊዜ ሰሌዳ የማመሳከሪያውን ሥራ ጭራሽ እንዳልያዘ፣ ይህንንም ሁሉም እንደሚያውቁት፣ ሳነበው ማንም እንዳልተቃወመ ነገሩኝ።

ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። በአፌ ላይ የመጣው «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?» የሚል ነበር፤ ይህን ብያቸው ቢሆን ኖሮ ያ በር ዳግመኛ አይከፈትም ነበር ብዬ አምናለሁ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ለአንድ ሰዓት አብረን ሰሌዳውን አስተካከልን። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች በየተራ ወደ ቢሮዬ መጡ። ጋሼ ምን እንዳሏቸው አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ለብቻችን እንነጋገራለን። ይህን ከማደርጋቸው ነገሮች ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ነው፤ ስለዚህም ጥቂት በዝርዝር ልናገር። ሰዓቱ የሠራተኛው ነው፤ የእኔ ጉዳይ የሚመጣው የእሱ ሲያልቅ ነው። ላፕቶፑን እዘጋለሁ፤ ማስታወሻ ካስፈለገኝ በእጅ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ቁልፍ ሰሌዳ የሚመታ ሰው እየሰማ ይሁን ለሌላ መልስ እየጻፈ ማንም አያውቅም። ቀጠሮውን መሰረዝ ግድ ከሆነብኝ በዚያው ቀን ሌላ ሰዓት እሰጣለሁ፤ ሁለት ጊዜ የተሰረዘ ቀጠሮ ለሠራተኛው ያለውን ደረጃ ይነግረዋል። ከሁሉ በላይ ግን የጥያቄው አቀራረብ ይወስናል። «ሁሉም ደህና ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ አለቃ የሚሰጠው መልስ «ደህና ነው» ብቻ ነው፤ ጥያቄው መልሱን ይዞ መጥቷልና። እኔ አሁን የምጠይቀው «ከያዝሻቸው ሥራዎች የሚያሳስብሽ የትኛው ነው?» ወይም «በዚህ ሳምንት ካሰብከው በላይ ጊዜ የወሰደብህ ምንድን ነው?» ብዬ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች አንድ የሚያሳስብ ነገር መኖሩን አስቀድመው ስለሚቀበሉ፣ የሚናገረው ሰው ምሥጢር ያወጣ አይመስለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጥያቄው በኋላ ረዥም ዝምታ ይሆናል፤ ዝምታውን በራሳችሁ ንግግር አትሙሉት።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ እፈልጋለሁ። ስህተትን በትዕግሥት መስማት ማለት ሥራን በቸልታ ማለፍ ማለት አይደለም። በቡድናችን ውስጥ ያጠፋውን እስከነገረ ድረስ ነገሩ ያለቀ የሚመስለው አንድ ወጣት ነበር፤ ያንኑ የማመሳከሪያ ቅጽ ሳይሞላ ፋይል ለአራተኛ ጊዜ ሲያስተላልፍ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት። በማስጠንቀቂያው ላይም ነገሩን ስለነገረኝ እንዳልተቀጣ፣ የተስማማንበትን አሠራር ስለተወ እንደሆነ ለይቼ ጻፍኩ። ይህ ልዩነት በጽሑፍ መቀመጡ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሚመለከቱት ሁሉ አስፈላጊ ነበር።

ከርቀት መሥራት ይህን ሁሉ ያከብደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ካወጀ በኋላ እኛም እንደ ብዙዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደየቤታችን ገባን፤ ዛሬም ከቡድኔ ግማሹ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤቱ ይሠራል። ሥራው አልተጎዳም፤ ለአንዳንዶቹ እንዲያውም ተሻሽሏል። የጠፋው ነገር ትንሽ የሚመስል ነው፤ ሰው በኮሪደር ሲያልፍ ትከሻው እንደወደቀ ማየት፣ ከስብሰባ ስንወጣ «ቆይ አንድ ነገር ልንገርህ» የሚባልባት ግማሽ ደቂቃ። በስክሪን ላይ ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ በቪዲዮ ስብሰባ መጨረሻ ላይ መስመሩን ለአሥር ደቂቃ ክፍት ትቼ መቆየት ጀመርኩ፤ ብዙ ጊዜ ማንም አይቀርም፣ አንዳንዴ አንድ ሰው ይቀራል፤ ያ ሰው የሚናገረው ከስብሰባው ሁሉ የሚበልጥበት ቀን አለ።

የጽሑፍ መልእክትም ድምፅ የለውም። አንድ ምሽት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለአንዲት ባልደረባዬ «ነገ ጠዋት ደውዪልኝ» ብዬ ጻፍኩላትና ተኛሁ። በጠዋት ስትደውል ድምጿ ደክሟል፤ እኔ የፈለግኩት የዓመት ዕረፍቷን ቀን ለማረጋገጥ ነበር። ከወራት በኋላ ስንጨዋወት፣ ያን ሌሊት ከሥራ ልትሰናበት እንደሆነ አስባ እንዳልተኛች ነገረችኝ። አለቃ የሚልከው አጭር መልእክት ለተቀባዩ አጭር አይደለም። አሁን ሰው ደውል ወይም ና ስል ምክንያቱን በዚያው መስመር እጽፋለሁ፤ ደስ የማያሰኝ ነገር ከሆነ ጨርሶ አልጽፍም፣ ራሴ እደውላለሁ፤ ማታ ያሰብኩትን ደግሞ በማግሥቱ በሥራ ሰዓት እንዲደርስ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ፈረንሳይ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሥራ መልእክት የመለየት መብትን በሕግ ያስገባችው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ነው፤ ሕጉ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች በጉዳዩ ላይ ከሠራተኛው ወገን ጋር እንዲደራደሩ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም አንድ ኃላፊ በራሱ ቡድን ውስጥ ሊጀምረው የሚከለክለው የለም።

በዚያው ሰሞን የሠራተኞችን የኮምፒውተር እንቅስቃሴ የሚቆጥር ፕሮግራም እንድንጭን ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር፤ ተቃወምኩ። ፕሮግራሙ እጅ መንቀሳቀሱን ይነግረኛል፤ ዜሮው ከመለያ ቁጥሩ ፊት መውደቁን ግን አይነግረኝም። የሚነግረኝ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እየተሰለለ እንደሆነ ሲያውቅ የሚያሳየኝ እጁን ብቻ ይሆናል።

ለመጻፍ የሚከብደኝ ክፍል የሚቀጥለው ነው። ስለ ሠራተኞቼ ዝምታ ይህን ሁሉ ስናገር፣ እኔ ራሴ ወደ ላይ ዝም እንደምል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በአንድ የዕቅድ ስብሰባ ላይ አለቃዬ «በሁለት ወር ይጠናቀቃል አይደል?» ሲሉኝ ቢያንስ ሦስት ወር እንደሚያስፈልግ እያወቅኩ «ይጠናቀቃል» አልኩ። ጥያቄው መልሱን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሌሎች የክፍል ኃላፊዎች ሁሉ «ይቻላል» ባሉበት ስብሰባ «አይቻልም» ማለትን ፈራሁ። ከዚያ ወጥቼ ሁለቱን ወር ለቡድኔ እንደ ትእዛዝ አወረድኩት። በመካከል ያለ ኃላፊ ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል፤ ከላይ የመጣውን ሳይፈትሽ ወደ ታች ያስተላልፋል፣ ከታች የመጣውን አለሳልሶ ወደ ላይ ያደርሳል፣ በመጨረሻም በሁለቱም ወገን እምነት ያጣል።

በአምስተኛው ሳምንት ወደ አለቃዬ ቢሮ ሄድኩና የተናገርኩት ቁጥር ልክ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ሥራዎቹን በዝርዝር፣ እያንዳንዱ የሚወስደውን ቀን፣ በሁለት ወር ለመጨረስ የሚቀረውን የሥራ ዓይነትና በሦስት ወር የሚገኘውን ውጤት በአንድ ገጽ ይዤ ነበር። ተቆጡ። ከዚያም ገጹን አንብበው ሦስቱን ወር ፈቀዱ፤ ስወጣ ግን «ይህን በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ለደንበኛው ሌላ ቃል እገባለት ነበር» አሉኝ። እዚህ ላይ አንባቢ «አማራጭ ይዘህ ሄደህ የለም ወይ? ያ ራሱ መፍትሔ ይዛችሁ ኑ ማለት አይደለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። አማራጭ ይዤ መሄዴ ጥሩ ነው፤ አማራጭ እስካገኝ አምስት ሳምንት መቆየቴ ነው ጥፋቱ። በመጀመሪያው ቀን «ይህ ጊዜ ያሳስበኛል፣ እስከ ዓርብ ቆጥሬ ላምጣልዎት» ብል ይበቃ ነበር።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በዚሁ መንገድ ነው ወደ እኛ የገባው፣ በዝምታ። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ በኋላ በነበረው ዓመት የቡድኑ ጽሑፎች እየተዋቡ መጡ፤ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱን ግን አልጠየቅኩም። አንድ ቀን በቀረበልኝ ሰነድ ላይ የተጠቀሰውን የመመሪያ አንቀጽ ለማየት መመሪያውን ከፈትኩ፤ በዚያ ቁጥር የሚጠራ አንቀጽ የለም። ያዘጋጀው ባለሙያ መሣሪያውን መጠቀሙን ለመናገር አንድ ሳምንት አመነታ፤ የተፈቀደ ይሁን የተከለከለ እኔ አንድም ቀን አልተናገርኩምና። እነዚህ መሣሪያዎች የሌለን ነገር እንዳለ አድርገው፣ በተስተካከለ ቋንቋ፣ ያለ ማመንታት ይጽፋሉ፤ ስለዚህ የጽሑፉ ማማር የእውነቱ ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል። በማግሥቱ አብረን አሠራር አወጣን። መጠቀም ይቻላል፣ መጠቀምን ግን በሰነዱ ግርጌ መግለጽ ያስፈልጋል፤ የደንበኛ መረጃ አይገባበትም፤ እያንዳንዱን ቁጥርና አንቀጽ የሚፈርመው ሰው ከምንጩ ጋር ያመሳክራል። እኔም አንድ ጊዜ የሥራ አፈጻጸም ምዘና በዚሁ መሣሪያ አስረቅቄ ነበር። ሠራተኛዋ አንብባ «ቃሉ የእርስዎ አይመስልም» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው የምጽፈውን ራሴ እጽፋለሁ።

የመጨረሻው ዝምታ በጣም የምቆጭበት ነው። በቡድኑ ውስጥ አንድም ቀን «አልችልም» ብሎ የማያውቅ ባለሙያ ነበረን፤ አስቸኳይ ነገር ሲመጣ እጄ ወደ እሱ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘን መዛል በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የውጤታማነት መቀነስ። በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ የሥራ ዓለም ክስተት ነው ያለው። በዚያ ባለሙያ ላይ ሁለተኛውን ምልክት አይቼዋለሁ፤ በስብሰባ መከራከር ተወ። ድሮ የጊዜ ሰሌዳ ሲቀርብ ጥያቄ የሚያበዛው እሱ ነበር። እኔ ግን በስሏል፣ ረግቷል ብዬ ተረጎምኩት።

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤውን ሲያመጣ ምክንያቱን ጠየቅኩት። «ለአንድ ዓመት ሥራ ሲጨመርልኝ የቱ ይቀነስልህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ያን ቀን ማታ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሥራ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አሰፈርኩ፤ የእሱ ዝርዝር ከእሱ ቀጥሎ ካለው ሰው ዝርዝር እጥፍ ነበር። አሁን አዲስ ሥራ ስሰጥ የትኛው እንደሚዘገይ ወይም እንደሚቀር በዚያው ንግግር ላይ እንስማማና በጽሑፍ እናስቀምጣለን። ሁልጊዜ የሚቀር ነገር አይገኝም፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ጫናው መኖሩን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ወደ ላይም ይዤው እሄዳለሁ። እሱን ግን አልመለሰልኝም።

ባለፈው ወር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ያቺ የመለያ ቁጥሩን ስህተት አይታ ዝም ያለችው ባልደረባዬ በሬን አንኳኳች። ኮቷን ገና አላወለቀችም። «አንድ ነገር ተበላሽቶብኛል፤ ትናንት ማታ ያስተላለፍኩት ፋይል የባለፈው ወር ነው። እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም» አለችኝ።

ላፕቶፔን ዘጋሁና «እስካሁን ያየሽውን ንገሪኝ» አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።